ባሕር ቂብላን አያውቅም

ሽማግሌውን ምዜ ሸሄን ያገኘችው የገዛ እህቱ ናት። ረፋድ ላይ ውሃው ሲሸሽ የምኳጁኒ ሴቶች እንደ ልማዳቸው ዘንጋቸውን ይዘው ኦክቶፐስ ፍለጋ ወረዱ፤ ምዋናሲቲ ከፊት ነበረች። መረብ እንዳይጣልበት በተከለለው ባሕር መካከል፣ ውሃው ትቶት በሄደው አሸዋ ላይ፣ ወንድሟን ተጋድሞ አየችው። እንቅልፍ የወሰደው መስሏት «አንተ ሸሄ! ፀሐይ ሊያቃጥልህ ነው እኮ፣ ተነስ!» ብላ ተጣራች። ደግማ ተጣራች። ከዚያ ዘንጓ ከእጇ ወደቀ።

ለእኛ ለምኳጁኒዎች የባሕር ሞት አዲስ አይደለም። ባሕር ዳር ተወልዶ ለባሕር ያልገበረ ቤት የለም። ያን ዓመት ግን ባሕሩ ራሱ ታሞብን ነበር። ውሃው እንደ ሾርባ ሞቆ እጅ መንከር ያስጠላ ነበር። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ መረብ ሳንጥልበት፣ የልጆቻችንን ጉሮሮ ቆልፈን የጠበቅነው ኮራል፣ ያ ሕያው የባሕር ድንጋይ፣ ቢጫው በሉት፣ ቡኒው በሉት፣ ሐምራዊው በሉት፣ በአንድ በጋ አጥንት መሰለ። ክልሉን ያስከለለን ምዜ ሸሄ ነው። እና ልዋሽ? ያን ሰሞን ሽማግሌውን ያልረገመ አፍ በመንደሩ አልነበረም።

ኢንስፔክተር ካድዞ ከከተማ የደረሰችው ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ነው። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ የደጋው የጊሪያማ ጎሳ ልጅ ናት፤ ባሕር ትፈራለች፣ መፍራቷንም አትደብቅም። ኪሷ ሁልጊዜ በሮቃ ፍሬ የተሞላ ነው፤ እየመጠጠች ታስባለች፣ ፍሬውን ስትተፋ ያን ጊዜ አንድ ነገር ገብቷታል ማለት ነው። አስከሬኑ የተገኘበትን ቦታ ለማየት ጫማዋን አውልቃ ውሃ ውስጥ ስትገባ ዘላ ወጣች።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ይሄ ባሕር ነው የሻይ ውሃ?»

«ሁለት ወሩ ነው አለቃ» አለ ሳጅን ሮቲች። ሮቲች ከላይ አገር የመጣ ረጅም ሰው ነው፤ ችኮላው ከቁመቱ ይበልጣል። «ለማንኛውም ጉዳዩ አልቋል። ሰውየውን ይዤዋለሁ።»

«ማንን?»

«ሃቲቡን። የሟቹ የእህት ልጅ ነው። ትናንት በመስጊዱ ደጃፍ ሰው ሁሉ እየሰማ ‹በዚያ ድንጋይህ ሥር እቀብርሃለሁ› ብሎታል። ዛሬ ጠዋት ጀልባው ባሕር ላይ ነበረች። የሟቹ ግንባር ላይ የምት ምልክት አለ። ምን ቀረ? ነገ ጠዋት ሞምባሳ ወህኒ እወስደዋለሁ።»

«ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ለዚህ ነዋ የቸኮልከው። ሂድና ብላ።»

አስከሬኑ መስጊዱ ጥግ፣ ማጠቢያው ቤት ውስጥ ነበር፤ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ሊቀበር ነው። ካድዞ ገና ሳይታጠብ ደረሰች። ግንባሩ ላይ ያበጠ ሰንበር አለ፤ ለመግደል የሚበቃ ግን አይደለም። ውሃ ነው የገደለው። ሽርጡ ወገቡ ላይ በደንብ ተጠምጥሟል። ቀኝ መዳፉ ተቦጫጭሯል፤ አንዱ ቁስል ውስጥ የባቄላ ፍሬ የሚያህል የኮራል ስባሪ ተሰክቶ ቀርቷል። በጣቷ አውጥታ ብርሃን ላይ ያዘችው። ቡኒ ነው፤ ጫፉ ደግሞ ሐምራዊ።

ምዋናሲቲ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ደርቋል።

«ማማ ምዋናሲቲ፣ አላህ ያጽናዎት። ሲያገኙት እንዴት ነበር?»

«እንደተኛ። በቀኝ ጎኑ። ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ። ሽርጡ ጉልበቱን ሸፍኖት።»

«ማንም አልነካውም? እርስዎም?»

«ማን ይንካው! ሳጅኑ እስኪመጣ ቆመን አለቀስን እንጂ።» ከዚያ የካድዞን እጅ ጨብጣ ያዘች። «ስሚኝ ልጄ። ሃቲቡ አፉ ነው ክፉ። አባቱም እንዲሁ ነበር፣ ሲናደድ ዓለምን ሁሉ ይቀብራል፣ ማታ ግን ዶሮ ማረድ ይፈራል። ሞምባሳ የገባ የደሃ ልጅ መቼ ይወጣል? ዛሬ ወንድሜን እቀብራለሁ፤ ነገ ልጄን ልቀብር ነው?»

ካድዞ እጇን ቶሎ አልነጠቀችም።

ሃቲቡ በሰንሰለት ታስሮ በጭቃው ፖሊስ ጣቢያ ወለል ላይ ተቀምጧል።

«ዛትክበት?»

«ዛትኩበት። ውሸት አልናገርም።»

«ለምን?»

«ለምን? ተርበን ዘጋንለት! ‹ታገሱ፣ ዓሣው ይራባል፣ ድንበሩን አልፎ ወደ መረባችሁ ይመጣል› አለን። መጣም፣ አልክድም፣ ደህና ዓመታት አየን። አሁንስ? ድንጋዩ ሞተ። ዓሣው ሄደ። ፀሐይዋን የምንከለክላት እኛ ነን? ‹አሁን እንኳ ክፈተው፣ የቀረችውን እንልቀም› አልኩት፤ ‹አይሆንም› አለ። ከወር በላይ ቤታችን ካሳቫ በጨው ነው።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ባሕር ላይ። ብቻዬን። መረቤን ሄደሽ እይው፣ የሸረሪት ድር ነው የያዘው።» አንገቱን ደፋ። «አጎቴ ነው እኮ። ዋና ያስተማረኝ እሱ ነው።»

ከፖሊስ ጣቢያው ወደ ሐዘኑ ቤት ስትሄድ ካድዞ ዶክተር ሙምቢን መንገድ ላይ አገኘቻት። ሙምቢ ባሕሩን የምታጠና፣ እሷም ከላይ አገር የመጣች ሴት ናት፤ መንደራችን ክፉ ወሬ አምጪ ብሎ ስለሚያኮርፋት ሐዘኑ ቤት ልግባ አልግባ እያለች ደጅ ቆማ ነበር። ካድዞ ስባሪዋን አውጥታ አሳየቻት። ሴትየዋ ክው አለች።

«ይሄ ከየት መጣ? ይሄ እኮ ሕያው ነበር! ዛሬ ጠዋት ድረስ ሕያው ነበር!»

«ከክልሉ አይሆንም?»

«በፍጹም። ክልሉን በየቀኑ ነው የምጠልቅበት፤ አንዲት ቀለም ያላት የለም። ውሃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ኮራሉ ቀለሙን የሚሰጡትንና የሚመግቡትን ጥቃቅን ነፍሳት ይተፋል። ቶሎ ካልቀዘቀዘ በረሃብ ይሞታል። ይህች የኖረችበት ቦታ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወጣበት መሆን አለበት። የት ነው? እባክሽ ንገሪኝ!»

«ብነግርሽማ ጥሩ ነበር። ምዜ ሸሄን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ከትናንት በስቲያ። እየሳቀ መጣ። ‹አንዲት እናት ኮራል በሕይወት ብትቀር ለሞተው ሁሉ ልጅ ትወልድለታለች?› አለኝ። ‹መረብና መልሕቅ ካልነካት፣ አዎ፣ ዘሯን ውሃው ያደርስላታል› አልኩት። ‹እንግዲያው ዓርብ ከሶላት በኋላ ሰው ሰብስቤ የምናገረው አለኝ፤ አንቺም ነይ› አለ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ዓርብ ነገ ነው።»

ከቀብር መልስ ሐዘኑ ቤት ሲሞላ ለካድዞ ሩዝ በሳህን ቀረበላት፤ ከላዩ ደህና የዓሣ ቁራጭ፣ በኮኮናት የተሠራ። አንድ ጉርሻ ጎረሰች፤ ሁለተኛውን ግን አየር ላይ አቆመችው።

«ዓሣ ጠፍቷል አላላችሁም እንዴ?»

«ናሆዳ ማሱዲ ነው ያመጣው» አለች ከሴቶቹ አንዷ። «ገና ሬሳው ከባሕር እንደመጣ፣ ይህን የሚያህል! ስንሰነጥቀው መተንፈሻ ስንጥቡ ገና እንደ ደም ይቀላ ነበር። አላህ ይስጠው፣ ሐዘን ቤት ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም።»

ናሆዳ ማሱዲ ደጅ፣ ድንጋይ መደቡ ላይ ነበር። ጀልባ መሪ ነው፤ አባቱም ጀልባ መሪ ነበር። ከሸሄ ጋር አብረው ተገርዘዋል፣ አብረው ሚስት አጭተዋል፣ ክልሉንም አብረው አስከልለዋል። ያን ቀን ጢሙ ውስጥ ያለው ሽበት የበዛ ይመስል ነበር።

«ናሆዳ፣ ወዳጅዎን አጡ።»

«ግማሼን ነው ያጣሁት ልጄ።»

«ዛሬ ጠዋት አላዩትም?»

«ከሱብሂ ሶላት ስንወጣ ሰላም ተባባልን። እኔ ሸራዬን ስጠግን ዋልኩ፣ ጓሮዬ። እሱ ወደ ባሕሩ ወረደ።» ወደ ፖሊስ ጣቢያው አቅጣጫ አየ። «ያን ልጅ ልቀቁት። ዛቻ ሌላ፣ ሥራ ሌላ። ሸሄ አርጅቷል፤ ጠልቆ ሲያይ ብርዱ እግሩን አስሮት ይሆናል፣ ሲወራጭ ጭንቅላቱ ድንጋይ መታው። ባሕር እንዲህ ነው። እያሳሳቀ ይወስዳል።»

«ይሆናል» አለች ካድዞ። ከዚያ የሮቃውን ፍሬ ተፋች።

አመሻሹ ላይ፣ የአስር ሶላት እንዳበቃ፣ በትልቁ የሮቃ ዛፍ ሥር ሁላችንንም ሰበሰበችን። ሃቲቡ በሰንሰለቱ መጣ። እናቱ አጠገቡ ተቀመጠች። ሙምቢ ከኋላ ቆመች። ናሆዳ ማሱዲ እንደ ሹማምንት ከፊት ነበር፤ ቦታው ነው።

«ሳጅን ሮቲች» አለች ካድዞ፣ «ሰው ባሕር ሲበላው መጀመሪያ የሚወስድበት ምንድን ነው?»

«ኧ... ትንፋሹን?»

ሰው ሊስቅ ሲል ምዋናሲቲ መለሰች። «ሽርጡን። ሰምጠው የወጡትን ሁሉ ራቁታቸውን ነው የምንሸፍናቸው።»

«ተባረኩ። የምዜ ሸሄ ሽርጥ ግን ወገቡ ላይ ነበር፤ ጉልበቱን ሸፍኗል። እሱም በቀኝ ጎኑ ተኝቷል፣ ፊቱ ወደ ሰሜን። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ነገር ግን ያደግሁት ከእናንተው ጋር ነው፣ ቀብር አይቻለሁ። ከዚህ ከባሕራችን ዳር ሰሜን ማለት ቂብላ ነው፣ ሟች በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱን የሚያዞርበት የመካ አቅጣጫ። ባሕር ሬሳ ሲጥል በደረቱ ይጥላል፣ በጀርባው ይጥላል፤ ባሕር ቂብላን አያውቅም። እንግዲህ ያን ሰው አንድ ሰው ነው ያስተኛው። ሙስሊም ነው። ደግሞም ይወደዋል።»

ማሱዲ መቁጠሪያውን ይቆጥራል።

«ሁለተኛ። መዳፉ ውስጥ ይህች ነበረች።» ስባሪዋን ከፍ አደረገቻት። «ቀለሟን እዩ። ክልሉ ውስጥ ቀለም ያለው ድንጋይ ያየ አለ? የለም። ስለዚህ የሞተው ክልሉ ውስጥ አይደለም። ሌላ ቦታ፣ ኮራሉ በሕይወት ያለበት፣ ውሃው የሚቀዘቅዝበት ቦታ ነው የሞተው። ያን ቦታ ማን ያውቃል? ዶክተር ሙምቢ አታውቅም፤ ስታያት ልትስማት ምንም አልቀራትም። ሃቲቡ ያውቃል? ዓሣ ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው እናቱን ካሳቫ በጨው አያበላም። ባዶውን ክልል ክፈቱልኝ ብሎም አይለምንም።»

ሃቲቡ ቀና አለ። ምዋናሲቲ ክንዱን ያዘችው።

«ሦስተኛ። ዛሬ በልቻለሁ። ዓሣው ትኩስ ነበር፤ ሲሰነጠቅ ስንጥቡ እንደ ደም ቀይ ነበር ብላችሁኛል። መንደሩ በሙሉ ባዶ መረብ ሲጎትት ያን ዓሣ ያመጣው ጓሮው ሸራ ሲጠግን ዋልኩ ያለኝ ሰው ነው።»

አሁን ሁሉም ዓይን ወደ አንድ ቦታ ዞረ። መቁጠሪያው ቆመ።

«የመጨረሻዋን ግን ራስዎ ነዎት የሰጡኝ ናሆዳ። እኔ ዛሬ እግሬን ነክሬ እንደ ፍየል ዘልያለሁ። ልጅ አዋቂው ሁሉ ‹ባሕሩ ፈላ› ይላል። እርስዎ ግን ‹ብርዱ እግሩን አስሮት ይሆናል› አሉኝ። የምን ብርድ? ዘንድሮ በምኳጁኒ ባሕር ብርድ የሚያውቅ፣ ሸሄ ከሞተበት ውሃ የመጣ ሰው ብቻ ነው። ያን ያሉት ደግሞ ልጁን ለማዳን ነው።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ያጋለጠዎት ክፋትዎ አይደለም። ደግነትዎ ነው።»

«ውሸት ነው!» ያለ ሰው ነበር ከኋላ። ማሱዲ ግን እጁን አንስቶ ዝም አሰኘው።

«ተዋት። እውነቷን ነው።» መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። «አባቴ ሲሞት ያወረሰኝ ያችን ብቻ ነው። እሱና እኔ በሩ እንላታለን፤ ውሃው ከጥልቁ የሚገባባት ጠባብ በር ናት። ልጆቼን ያሳደግሁባት እሷ ናት፤ ለሚስቴም አልነገርኳት። ክልሉ ሲነጣ ሸሄ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አላስቻለኝም። ‹ለማንም ላትናገር ምለህልኝ ና፣ ሕያው አሳይሃለሁ› አልኩት። ማለ። ወስጄ አሳየሁት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለውም፤ ዛሬም ‹አንዴ ልያት፣ ውሰደኝ› አለ። እኔ መስመሬን ጣልኩ፣ ያን ዓሣ ያዝኩ፣ እሱ ጠለቀ። ሲወጣ እየሳቀ ‹ነገ ለሕዝቡ እነግራለሁ፤ እሷንም እንከልላለን› አለኝ። ‹ሸሄ፣ መሐላህስ?› አልኩት። ‹ማሱዲ፣ እናት ናት። እናት አትታረድም› አለ።»

«ከዚያስ?» አለች ካድዞ።

«ከዚያማ... የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ ሊወጣ ሲል በመግፊያው እንጨት ገፋሁት። ግንባሩን ጠርዙ መታው። ቀዝፌ ሄድኩ። ላስደነግጠው ነበር፤ በአላህ፣ ላስደነግጠው! ዞሬ ስመለስ ውሃው አስምጦት ኮራሉን ጨብጦ ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኳቸው፤ ወስጄ ክልሉ ውስጥ፣ ውሃው በሸሸበት አሸዋ ላይ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አስተኛሁት።» ድንገት ጮኸ። «ሁሉን ሰጥቼው ነበር! ያን ሁሉ ዓመት ያለኝን ባሕር ሁሉ ሰጠሁት፣ ባሕሩም ሞተ። አንዲቷ ብትቀርልኝ ምን ነበረበት?»

ምዋናሲቲ ተነሳች። ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ልጄ በሰንሰለት ታስሮ እያየኸው፣ ዓሣ ይዘህልኝ መጣህ? ያን ዓሣ ለለቅሶኛ አቀረብኩት እኮ ማሱዲ! አላህ ይስጠው ብዬ መረቅሁህ!»

«ነገ ልናገር ነበር።»

«ነገ ልጁ ሞምባሳ ነበር» አለች ካድዞ። ሰንሰለቱን ከሃቲቡ እጅ በራሷ እጅ ፈታች፤ ሮቲች ተቀብሎ ማሱዲ ላይ አደረገው። ሽማግሌው እጁን ሲዘረጋ አላንገራገረም።

ሊወስዱት ሲነሱ ሃቲቡ መንገዱን ዘጋ።

«ባባ ማሱዲ። የት ናት?»

እዚያ የነበረ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ አጉረመረመ። የሰው ማጥመጃ ቦታ አይጠየቅም፤ በኛ ዘንድ ከሚስቱ መኝታ ቤት መግባት ይሻላል። ማሱዲ ልጁን አየው፤ ከዚያ እናቱን አየ።

«የመስጊዱ ሚናራ በባኦባቡ ዛፍ አናት ላይ ሲቀመጥልህ፣ የአፍንጫው አለት ደግሞ ነጩን ገደል ሲሸፍንልህ፣ እዚያ ላይ ነህ» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የአባቱን ውርስ በአንድ ትንፋሽ በተነው፤ ሄደ።

በማግስቱ ዓርብ ከሶላት በኋላ ተሰብስበን ተጯጯህን። ከፊሉ «ይከለል» አለ፣ ከፊሉ «ረሃብ ልንከልል ነው?» አለ። እርስ በርስ ስንበላላ ሃቲቡ ሲወጣ ያየው የለም። የሞተውን ክልል ድንበር ይጠብቁ የነበሩትን ነጭ ተንሳፋፊ ኳሶች ከነገመዳቸው ለቅሞ ጀልባው ላይ ጭኖ ነበር። እናቱ ብቻ ተከትላው ተሳፈረች። እሱ፣ ‹ክፈተው› እያለ ሲጮህ የከረመው ሃቲቡ!

ሚናራው ባኦባቡ ላይ ተቀመጠ። አለቱ ነጩን ገደል ሸፈነ። ሃቲቡ መልሕቅ አልጣለም፤ ዘሎ ገባ። ታች ቡኒና ሐምራዊ ጫካ ጠበቀው፤ አንዱ ቅርንጫፍ ጫፉ ላይ ተሰብሯል። አጎቱ የያዘው ነው። ከተሰበረው ጎን፣ በሌሎቹም ጫፍ ላይ፣ ክልሉን ያነጣው ዓይነት ትናንሽ ነጭ ነጠብጣቦች ጀምረዋል። ውሃውም ገላውን አላንዘፈዘፈውም።

ብቅ ሲል እናቱ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብላ ትጠብቀው ነበር።

«አለች?»

«አለች።»

«ውሃውስ? ይበርዳል?»

ሃቲቡ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ይበርዳል እማዬ።»

ምዋናሲቲ እጇን እስከ ክርኗ ነከረች። ውሃው እዚህም ለብ ብሏል። እጇን እዚያው አቆይታ ልጇን ስታየው እሱ ወደ ገመዱ ዞረ።

«አዎ» አለች። «ደህና አድርጎ ይበርዳል።» ከዚያ የመጀመሪያውን ኳስ አንስታ አቀበለችው።